ጤናዬ ከመስመሩ አልወጣም አለች

ዳባት ገበያ ላይ የወይዘሮ የሺወርቅን ልጅ የማያውቃት ሰው አልነበረም። የሚያውቋት ግን በስሟ ሳይሆን በቁመናዋ ነው። ጤናዬ ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ቁመቷ ከእናቷ አልፎ ሄደ፤ ትከሻዋ ደግሞ እንደ ቁመቷ ሰፋ። እናቷ ገብስና ባቄላ ከገበሬ እየገዙ ለጎንደር ነጋዴ የሚያስረክቡ እህል ነጋዴ ነበሩ። አባቷ ቀደም ብለው ስላረፉ ጆንያውን ከሚዛን ላይ አንሥታ መኪና ላይ የምትጭነው እሷ ናት። ተሸካሚዎቹ ቆመው ያይዋታል። አይተው ሲያበቁም ይስቃሉ።

«የሺወርቅ፣ ይችን ልጅ ለማን ትድሪያት ይሆን? የሚያገባት ሰው መሰላል ይዞ ይመጣ እንደሁ እንጂ!»

ወይዘሮ የሺወርቅ በገበያው መሐል ሚዛናቸውን ማየት ይቀጥላሉ። ቤት ሲገቡ ግን «ምናለ ትንሽ ጎበጥ ብትይ? ሁልጊዜ እንደ ምሰሶ አትገተሪ» ይሏታል። ጤናዬም እናቷን ሰምታ ጎበጠች። ትከሻዋን ሰብስባ፣ አንገቷን ቀብራ መሄድ ልማድ ሆነባት። ፎቶ ሲነሡ ከሁሉ ኋላ ሄዳ ትቀመጣለች። ሰው ግን መሳቁን አልተወም።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ውጤቷ ለመሰናዶ ስላልበቃ ደባርቅ ከተማ ዳር ወዳለ አንድ የሙያ ኮሌጅ ገባች። የተመደበችው ግንባታ ክፍል ነው። ድንጋይ መጥረብ፣ ብሎኬት መደርደር፣ ውኃ ልክ መያዝ ወደደች። ከአንዲት የዳባት ልጅ ጋር ትንሽ ክፍል ተከራይታ፣ ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ልትይዝ ወደ እናቷ እየተመላለሰች አንድ ዓመት አለፈ።

በ2002 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ኬቨን የሚባል አሜሪካዊ ወጣት በበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ ሊያስተምር ኮሌጁ መጣ። አማርኛ ለመናገር የማያፍር፣ ግራ ሲገባው ጮክ ብሎ የሚስቅ ሰው ነው። «አንተ በሉኝ» ብሎ ራሱ ስለለመነ ተማሪዎቹ «ቲቸር፣ አንተ» ይሉታል። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ሁለት ጫፉ የሾለ ኳስ ይዞ ሜዳ ወጣ።

«ቲቸር፣ ኳሱን ምን ነካው? ሰው ተኝቶበት ነው እንዴ?» አለ ባሽር።

ባሽር የደባርቅ ልብስ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ሲሮጥ የማይያዝ፣ ሲናገር ደግሞ የማይቻል። ሁሉም ሳቀ። ኬቨንም አብሯቸው ሳቀና ጨዋታውን ያስረዳቸው ጀመር። በአገሩ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ እየለበሱ፣ ኳስ የያዘውን ሰው አንቀው መሬት ላይ ይጥሉታል። ደባርቅ ላይ ቁር ስለሌለ መጣል ክልክል ይሁን አለ። ተጫዋቹ ሁሉ ወገቡ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይሰካል፤ ኳስ የያዘው ሰው ጨርቁ ከተነጠቀ ቆመ ማለት ነው፤ ሳይነጠቅ የሜዳውን ጫፍ ካለፈ ደግሞ አገባ ማለት ነው። ጨርቁን ባሽር ከአባቱ ሱቅ ፊት ከሚሰፋው ልብስ ሰፊ ቅዳጅ ለምኖ አመጣ።

«ከፊት ደግሞ አምስት ሰዎች በአንድ መስመር ይቆማሉ» አለ ኬቨን። «እነዚህ ኳስ አይዙም፤ አይሮጡበትም፤ አይወረውሩም። ሥራቸው ማገድ ነው። ተቃራኒው መጥቶ ኳስ የያዘውን እንዳይደርስበት ይገፉታል፤ መንገድ ይከፍታሉ።»

«ኳስ ካልነካሁ ታዲያ ምን ተጫዋች እባላለሁ?» አለ አንዱ።

«እኔ በዩኒቨርሲቲ ስጫወት የቆየሁት እዚያ ነው። አንድም ጊዜ ኳስ አልያዝኩም» አለ ኬቨን፤ ይህን ሲናገር ግን ፊቱ ላይ ኩራት ነበረ።

ሁሉም ኳስ ልያዝ፣ እኔ ልሩጥ ብሎ ተሻማ። ከፊት የሚቆም ሰው ጠፋ። ሴቶቹ ዳር ላይ ተቀምጠው የሚያዩ ነበሩ። ጤናዬ ከመካከላቸው ተነሣች።

«እኔ ከፊት ልቁም» አለች።

ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ኬቨን ጭንቅላቱን አከከ። «ከወንዶች ጋር መገፋፋት ነው፤ ሊጎዱሽ ይችላሉ።»

«ጆንያ ሲጎዳኝ ነው የኖርኩት። አንዱ ይምጣና ይግፋኝ።»

ገዱ የሚባል የበየዳ ልጅ መጣ። አውቶ መካኒክ ክፍል የሚማር፣ ሞተር ብቻውን ያነሣል የሚባልለት ልጅ ነው። ፊት ለፊት ቆሙ። ኬቨን ፊሽካ ነፋ። ጤናዬ ምን እንደነካት ሳታውቅ በጀርባዋ ተዘርግታ ሰማዩን አየች። ሳቁ ከፊቱ ባሰ። ተነሥታ አቧራዋን ሳታራግፍ «እንደገና» አለች። እንደገና ወደቀች። ክርኗ ተልጦ ደማ። «እንደገና» አለች።

ኬቨን ገዱን በእጁ ገታውና ወደ እሷ ቀረበ። «ለምን እንደምትወድቂ ታውቂያለሽ?»

«ጉልበቱ ስለሚበልጠኝ።»

«አይደለም። አንገትሽን ደፍተሽ፣ ወገብሽን አጉብጠሽ ትመጫለሽ። የጎበጠ ሰው የሚመጣበትን አያይም። ጀርባሽ ቀጥ ይበል። ቀና በይ። የሚታጠፈው ጉልበትሽ ብቻ ነው።»

በሕይወቷ ቀና በይ ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። ጉልበቷን አጠፈች፤ መቀመጫዋን ዝቅ፣ ደረቷን ቀና አደረገች። ፊሽካው ሲነፋ ገዱ መጣ፤ ተጋጩ። ጤናዬ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ ነገር ግን አልወደቀችም። በዚያች ምሽት ክርኗን በጨው ውኃ ስታጥብ ብቻዋን ትስቅ እንደነበር አብራት የተከራየችው ልጅ ኋላ ተናግራለች።

ከዚያ ወዲህ ሥልጠናው በየማታው ሆነ። ማገድ ጉልበት ብቻ እንዳልሆነ ቀስ በቀስ ገባት። የመጀመሪያዋ እርምጃ አጭር መሆን አለባት፤ ረጅም የረገጠ ሰው በአንድ እግሩ የቆመ ነውና በትንሽ ግፊት ይገለበጣል። እጅ በተቃራኒው ብብት መካከል፣ ደረቱ ላይ ያርፋል፤ አውራ ጣት ወደ ላይ። እጅህ ወደ ውጭ ወጥቶ ልብሱን ከጨመደደ ጥፋት ነው። ዝቅ ብሎ የገባው ቀና ብሎ የመጣውን ከሥሩ ያነሣዋል። ከተነካካህ በኋላ እግርህ አይቆምም፤ ፊሽካ እስኪነፋ ቶሎ ቶሎ ትረግጣለህ። ኳሱ ሊወረወር ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ወደፊት መግፋት ቀርቶ፣ ጀርባን ሳይሰጡ በአጫጭር እርምጃ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ከወርዋሪው ፊት አጥር መሆን ነው። ጤናዬ ይኸኛው ከበዳት። የመጣባትን ሰው ሁሉ ተከትላ ትሄድና ቦታዋ ክፍት ይቀራል።

«እጁን አትይ፤ እጅ ይዋሻል» ይላታል ኬቨን። «ደረቱን እይ። ደረቱ ከሄደበት ሌላ የትም አይሄድም።»

ገዱ ከጎኗ ቆሞ አንድን ሰው ለሁለት መግፋት ተማሩ። ባሽር ደግሞ ኳሱን ታቅፎ ከጀርባዋ መሮጥ ጀመረ፤ እሷ የከፈተችው ቀዳዳ ለእሱ ቁመት ልክ ነበር። ወንዶቹ መሳቁን ተዉ። መተዋቸውን ማንም አልተናገረም፤ ብቻ አንድ ቀን ሜዳው ጸጥ ብሎ ፊሽካውና የእግር ኮቴው ብቻ ሲሰማ ጤናዬ ልብ አለች።

ወሬ ግን ዳባት ለመድረስ መኪና አያስፈልገውም። ወይዘሮ የሺወርቅ አንድ ቀን በሚኒባስ ደባርቅ መጥተው የልጃቸውን በር አንኳኩ። ጋቢያቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ከወንድ ጋር ደረት ለደረት ትላፊያለሽ አሉኝ። እውነት ነው?»

«አልላፋም እማዬ። አግዳለሁ።»

«ምኑን ነው የምታግጂው? ከብት ነው?»

ጤናዬ በቃል ማስረዳት አቃታት። ተነሥታ በጠባቧ ክፍል መካከል ጉልበቷን አጥፋ ቆመች። «ነይ ግፊኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ግፊኝ። ከቦታዬ ከነቀነቅሽኝ ዛሬውኑ ዕቃዬን ይዤ አብሬሽ እገባለሁ።»

ወይዘሮ የሺወርቅም ጆንያ ሳይገፉ የኖሩ ሴት አይደሉም። ተናደው ተነሡና በሁለት እጃቸው ገፏት። ንቅንቅ አላለችም። ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ትከሻቸውን አስደግፈው ገፏት። አሁንም ምንም። መጨረሻ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው አልጋው ላይ ዘፍ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እግርሽን ከመሬቱ ተከልሽው እንዴ?» አሉ፤ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ግን መልሰው ፊታቸውን አጠቆሩ። «ቢሆንም ይቅርብሽ። እኔ ገበያ ውዬ የምገባ ሰው ነኝ። የሰው አፍ አለብኝ።»

«ጉበጪ ስትይኝ ጎበጥኩ። ሰዉ ዝም አለ? ከእንግዲህ ግን አልጎብጥም፣ እማዬ። ቢስቁም ቀና ብዬ ልሳቅባቸው።»

እናቷ ከአልጋው ተነሡ። ያመጡትን ሽሮና ቆሎ አስቀምጠው ምሳ ሳይቀምሱ ወጡ። በሩ ላይ ደርሰው ሳይዞሩ «እንግዲህ ብትወድቂ የኔን ስም እንዳትጠሪ» ብለው ሄዱ።

ኅዳር ሲገባ የኬቨን ወዳጆች፣ በሌሎች ከተሞች የሚያስተምሩ አሜሪካውያን፣ የምስጋና በዓላቸውን ስሜን ተራሮች ላይ ሊያሳልፉ እንደሚመጡ ተሰማ። ወደ ተራራው፣ ወደ ቡይት ራስ፣ ከመውጣታቸው በፊት ደባርቅ አድረው ከኮሌጁ ልጆች ጋር ይጫወታሉ ተባለ። ከተማው ወሬ በወሬ ሆነ። የኮሌጁ ዲን አቶ ሀብተ ሚካኤል ሜዳው እንዲጠረግ፣ ወንበር እንዲደረደር አዘዙ፤ ከወረዳ ሰው ጋበዙ። ከዚያ ኬቨንንና ጤናዬን ቢሮ አስጠሩ።

«ያቺ የፊት መስመር ላይ የምትቆመው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ጎበዝ ነሽ አሉ። ግን በእንግዳ ፊት ሴት ልጅ ከወንድ ጋር ስትገፋፋ አያምርም። ፎቶ ያነሣሉ፤ ነገ ማን ምን እንደሚል አይታወቅም። በዚያ ቀን ውኃ አቀባይ ሁኚ።»

«ከእንግዶቹም ሴቶች ይጫወታሉ ተብሏል።»

«እነሱ ፈረንጆች ናቸው።»

«እኔ ደግሞ የዳባት ልጅ ነኝ» አለች ጤናዬ። አቶ ሀብተ ሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚፈሩት ነገር የበዛባቸው ሰው ነበሩ። «ተናግሬያለሁ» አሉ።

ከቢሮ ሲወጡ ኬቨን መሬት መሬቱን ያያል። «ይቅርታ፣ ጤናዬ። እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ። ከዲኑ ጋር መጣላት አልችልም።»

«ፊሽካ ሳይነፋ ከቦታሽ እንዳትነሺ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ኬቨን ፊሽካውን ከኪሱ አውጥቶ አየና መልሶ ከተተው።

የጨዋታው ቀን ነፋሱ ከስሜን በኩል ይነፍስ ነበር። ሰዉ ካፖርቱን ጠቅልሎ፣ ጋቢውን ደርቦ ሜዳውን ከበበ። ጤናዬ የግንባታ ክፍል ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ፣ ወገቧ ላይ ጨርቋን ሰክታ መጣች። የውኃውን ጀሪካን ከሜዳው ዳር አስቀመጠችና ቀጥ ብላ ወደ መስመሩ ገባች። ከገዱ በስተግራ ቦታዋን ይዛ ጉልበቷን አጠፈች።

«ጤናዬ! ወደ ጎን!» አሉ አቶ ሀብተ ሚካኤል ከወንበራቸው።

አልተንቀሳቀሰችም።

«ልጅቷን አውጡልኝ እንጂ!»

«ከመስመሩ አልወጣም» አለች፤ አልጮኸችም፤ ግን ሁሉም ሰማት።

ገዱ ቀና አለ። «ጌታዬ፣ እሷ ከሌለች በግራዬ ማንን ተማምኜ ልቁም?» ባሽር ደግሞ ኳሱን ከመሬት አኖረና ላዩ ላይ ተቀመጠ። «እኔ ከእሷ ጀርባ ካልሆነ አልሮጥም። ነፍሴን ሜዳ ላይ አላገኘኋትም!» ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። የወረዳው ሰው ሳይቀር ሳቁ። ያን ጊዜ ኬቨን ከሜዳው መካከል ወደ ዲኑ ዞረና በተሰባበረ አማርኛው «አቶ ሀብተ ሚካኤል፣ ይቅርታ። አሠልጣኝ እኔ ነኝ። ጤናዬ ትጫወታለች» አለ። ዲኑ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ነገሩን ከማክረር መቀመጥን መረጡ።

ከጤናዬ ፊት የቆመው ቀይ ጢም ያለው ግዙፍ ሰው ነው። አያትና ፈገግ አለ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጁን እንኳ በቅጡ አላነሣም። ፊሽካው ተነፋ። ጤናዬ ከሥሩ ገባች። መዳፎቿ ደረቱ ላይ አረፉ፤ እግሮቿ ቶሎ ቶሎ ረገጡ። ቀይ ጢሙ አንድ ተራመደ፤ ሁለት ተራመደ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሮጦ በመቀመጫው ዘፍ አለ። በተከፈተው ቦታ ባሽር እንደ ጥይት አልፎ ሜዳውን ጨረሰ።

«ጎል!» አለ ሕዝቡ፤ ሌላ ስም ስላላወቀለት።

ቀይ ጢሙ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ፤ ፈገግታው ግን ጠፍቷል። ለጤናዬ ከዚህ የበለጠ ክብር አልነበረም። ከዚያ በኋላ እንደ እኩያው መጣባት። ኳሱ ሊወረወር ሲል ክንዷን ወደ ታች መታና በጎኗ ሾልኮ የወርዋሪውን ጨርቅ ነጠቀ። በሌላ ጊዜ ወደ ቀኝ አስመስሎ በግራ አለፋት፤ እሷም ተደናቅፋ በግንባሯ ተደፋች። ፈረንጆቹ አገቡ፤ ትንሽ ቆይተው ደገሙ። ጤናዬ አፏ ውስጥ የገባውን አፈር ተፋች። እጁን ማየት ተወች። ደረቱን አየች። እንደገና ሲመጣ ጀርባዋን ሳትሰጥ ዝቅ ብላ አፈገፈገች፤ በቀኝ ሲሞክር አለች፤ በግራ ሲሞክር አለች።

«እጇን ያዛት! ዳኛ የለም እንዴ በዚህ አገር?» የሚል ጩኸት ከዳር መጣ። ጤናዬ ድምፁን አወቀችው። ወይዘሮ የሺወርቅ ናቸው። መቼ እንደመጡ አላየችም፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ ከፊት ያለውን ሰው በክርናቸው እየገፉ ቆመዋል።

የመጨረሻው ጊዜ ሲደርስ ኬቨን ያስተማራቸውን አንድ ነገር ሞከሩ። ጤናዬ ቦታዋን ለገዱ ትታ ከመስመሩ ጀርባ ወደ ቀኝ ሮጠች፤ ባሽር ኳሱን ይዞ ተከተላት። ጥጉ ላይ የደረሰባትን ሰው በትከሻዋ ሳይሆን በተማረችው መንገድ፣ በሁለት መዳፏ ገፍታ ከሜዳ አስወጣችው። ባሽር ዘለለ። የሜዳው ጫፍ ላይ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ከኋላው የመጣች ፈረንጅ ሴት ጨርቁን መንጭቃ አስቀረችው። ፊሽካው ተነፋ። ተሸነፉ።

ሕዝቡ ግን ይህን አልተቀበለም። ለእሱ ያሸነፈው ግዙፉን ፈረንጅ አፈር ያስቀመሰ ነው። ጤናዬንና ባሽርን ከበው ጨፈሩ። አቶ ሀብተ ሚካኤልም እንግዶቹ እየመጡ እጇን ሲጨብጡ አይተው ቀረብ አሉ። «አኮራሽን! አሸነፍን እኮ!» አሏት።

«ተሸንፈናል፣ ጌታዬ» አለች ጤናዬ፤ ግንባሯ ላይ ደምና አፈር ተቀላቅሏል። «ነገ ግን ሥልጠና አለን። እዚያው ቦታዬ ላይ ነኝ።»

ወይዘሮ የሺወርቅ በጋቢያቸው ጫፍ ግንባሯን ጠረጉላት። ስለ ሰው አፍ አላነሡም። «ያ ቀይ ሰውዬ ሁለተኛ ሲመጣ ለምን ቶሎ ዝቅ አላልሽም?» ብለው ተቆጧት ብቻ። ወደ ዳባት ሲመለሱ በሚኒባሱ ውስጥ ለተሳፋሪው ሁሉ ጨዋታውን ሲያስረዱ ሄዱ አሉ፤ ግማሹን አሳስተው ነው።

ኬቨን ጊዜውን ጨርሶ አገሩ ገባ። ኳሱም ውሎ አድሮ ፈነዳ። ኮሌጁ ጨዋታውን ተወው። ጤናዬ ተመርቃ እዚያው ደባርቅ የሕንፃ ሥራ ላይ ተቀጠረች፤ ከጊዜ በኋላም ፎርማን ሆነች። የሴት ትእዛዝ አንቀበልም ብለው መሣሪያቸውን የጣሉ ግንበኞች ነበሩ። «መሣሪያውን እኔ አነሣዋለሁ፤ እናንተ ግን ደመወዝ የምትቀበሉት ከማን እንደሆነ አስቡበት» ብላቸው ግድግዳውን ራሷ መደርደር ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተመለሱ።

ባሽር ከአባቱ ሱቅ ጎን የራሱን ከፈተ። ከጎንደር ጫማ ሰፊ ዘንድ በቆዳ አሰፍቶ ሁለት ጫፉ የሾለ ኳስ ያመጣላት እሱ ነው። በዚያ ኳስ በየቅዳሜው የሰፈር ሴት ልጆችን ማሠልጠን ያዘች። የሚመጡት ገዘፍ ያሉ፣ ቁመታቸው ያለፈ፣ ሰፈር ውስጥ ቅጽል ስም የወጣላቸው ልጆች ነበሩ። መጀመሪያ የምታስተምራቸው ቀና ብሎ መቆምን ነው።

በ2010 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከስፖርት ጽሕፈት ቤት የተላከ ሰው መጥቶ ሥልጠናውን አስቆመ። «ይህ ጨዋታ በወረዳው አይታወቅም። ሜዳውን ለሚታወቅ ስፖርት ልቀቁ» አለ።

«እንግዲያው እስኪታወቅ እንጫወታለን» አለች ጤናዬና ፊሽካዋን ነፋች።

ሰውየው ለአለቃው እናገራለሁ ብሎ ሄደ፤ ተናገረም። ሁለት ጊዜ ተጠርታ ሄደች፤ ሁለት ጊዜም ያንኑ መልስ ሰጥታ ተመለሰች። በመጨረሻ ሜዳው ለሁለት ተከፈለ። በአንዱ ጎል በኩል የሰፈሩ ወንዶች ክቡን ኳስ ይለጋሉ፤ በወዲያኛው በኩል ሴቶቹ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ደረታቸውን ቀና አድርገው ይቆማሉ። ክቡ ኳስ ሜዳውን የከፈለውን መስመር አልፎ ሲመጣባቸው መልሰው ለመስጠት አይቸኩሉም።